ፌርፊልድ ቤት፦ አንድ የከተማ ዳርቻ ቪላ ቅርስ የሚሆነው በምንድን ነው?

ለኅብረተሰብ ትምህርት እጩ መምህራን የቀረበ ጥናት

«ቅርስ ምንድን ነው?» ብለን ተማሪዎችን ስንጠይቅ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንብ። መልሱ ልክ ነው። ነገር ግን የተጠቀሱት ሁሉ ትልልቅ፣ ሁሉም ጥንታዊ፣ ሁሉም ከሩቅ የሚታዩ ናቸው። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «ሰው ይኖርበት የነበረ መኖሪያ ቤትስ ቅርስ ይሆናል ወይ?» ቢለን ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን። «እንደ ቤቱ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ልጁም ብልህ ከሆነ «የቤቱ ምኑ?» ይለናል። ያኔ ነው ላብ የሚያጠምቀን!

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ መልስ ለማዘጋጀት የተጻፈ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ቤት የሚገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ዳርቻ ነው። ስሙ ፌርፊልድ ቤት ይባላል። «ፈረንጅ አገር ያለ ቪላ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትንሽ ይታገሠን። ቤቱ የእኛም ታሪክ ማስረጃ መሆኑን እያደር ያየዋል።

1. የቪክቶሪያ ዘመን ቪላ ማለት ምን ማለት ነው?

የቪክቶሪያ ዘመን የሚባለው ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን ያስተዳደሩበት ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ደብዳቤ የጻፉላቸው ንግሥት እኚሁ ናቸው። ስለዚህ ዘመኑ ለኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ከተሞች በፋብሪካና በጭስ ተሞሉ። ሠራተኛው ሕዝብ በጠባብ ሰፈር ተጨናንቆ ሲኖር፣ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃውና ጡረታ የወጣው መኮንን ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ንጹሕ አየር ያለበት ቦታ መፈለግ ጀመረ። ባቡርም መንገዱን አቀለለት። ለምሳሌ ከለንደን በባዝ በኩል ብሪስቶል የሚደርሰው ሐዲድ ተጠናቆ የተከፈተው በ1841 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በከተማና በገጠር መካከል፣ አጥርና አትክልት ቦታ ያለው፣ ብቻውን የቆመ ቤት በብዛት መሠራት ጀመረ። ይህ ነው የከተማ ዳርቻ ቪላ የሚባለው።

ግብርም በቤቱ መልክ ላይ እጁን አስገብቷል። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል ነበር። በመስታወት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845፣ የመስኮቱ ግብር ደግሞ በ1851 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሰፋ፣ የመስታወቱ ገበታ ትልቅ ሆነ፣ አበባና ተክል የሚያድግበት የመስታወት ቤትም በየቪላው ግቢ ታየ። አንድ አስተማሪ አሮጌ ቤት ፊት ቆሞ «መስኮቱ ለምን ሰፋ?» ብሎ ቢጠይቅ የግብር ታሪክ ማስተማር ይችላል ማለት ነው።

የቤቱም አከፋፈል የዘመኑን ኑሮ ይናገራል። ባለቤቶቹ በፊት ለፊት በር ይገባሉ፣ ሰፊውን ደረጃ ይወጣሉ። የቤት ሠራተኞቹ በጓሮ በር ይገባሉ፣ ጠባቡን ደረጃ ይወጣሉ። ማድ ቤቱ ከእንግዳ ዓይን ይርቃል። በየክፍሉ የእሳት ምድጃ አለ፤ ከሰሉን ተሸክማ የምትወጣው፣ አመዱንም ይዛ የምትወርደው ገረዲቱ ናት። የጌታና የሎሌ ልዩነት በቤቱ ፕላን ላይ ተጽፏል።

2. የፌርፊልድ ቤት ታሪክ በአጭሩ

ፌርፊልድ በባዝ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተሠራ ቪላ ነው። የተሠራበትም ስልት በጊዜው ፋሽን የነበረው የኢጣሊያ ገጠር ቤቶችን አሠራር የሚከተል ነው። ለሰማንያ ዓመት ያህል የግል መኖሪያ ሆኖ ሲያገለግል ከጎረቤቶቹ የሚለየው ብዙ ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በ1928 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከከተማዋ ወጥተው በጅቡቲ፣ ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ አገር ገቡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው አቤቱታቸውን አሰሙ። ያን ዓመት በጋ ለጤናቸው በፍል ውሃው ወደታወቀው ወደ ባዝ ሄዱ፤ ከተማዋም ስለተስማማቻቸው ፌርፊልድን ገዝተው ከቤተ ሰባቸውና አብረዋቸው ከተሰደዱት ሹማምንት ጋር ገቡበት።

ያ ቤት እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም. ድረስ የስደት መኖሪያቸው ሆነ። እቴጌ መነን የአገሩ ብርድ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ልዕልት ፀሐይ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተከታትለው በ1939 እ.ኤ.አ. ጨረሱ። ንጉሠ ነገሥቱም ኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ተብሎ በ1965 ዓ.ም. የታተመውን የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት በዚያው በባዝ ስደት ሳሉ ነው።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። «ወዳጄ ልቤ»ን እና «አዲስ ዓለም»ን የጻፉት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ያረፉት በዚሁ ቤት ነው። አስከሬናቸው በባዝ ተቀብሮ ቆይቶ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሰ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ግዛት በሕግ አወቀ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከአንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ ዘንድ ለመንግሥታቸው የሚገባ ገንዘብ ለማግኘት በለንደን ፍርድ ቤት ይከራከሩ ነበር። በመጀመሪያው ፍርድ ረትተው ነበር፤ ዕውቅናው ከተሰጠ በኋላ ግን በይግባኙ መብቱ ወደ ኢጣሊያ ንጉሥ ተላልፏል ተባለ። እስቲ አስቡት፤ ይህ ወሬ የደረሰበት ምድጃ አጠገብ መቆም ለታሪክ ተማሪ ምን ማለት ነው?

ኢጣሊያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር በአውሮፕላን በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን ሄዱ፤ በጥር 1933 በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። በ1954 እ.ኤ.አ. ባዝን በጎበኙ ጊዜ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡ። ቤቱም ለብዙ ዓመታት የአረጋውያን መኖሪያ፣ ኋላም ከካሪቢያን፣ ከእስያና ከሌሎች አገሮች መጥተው በባዝ ያረጁ ሰዎች የሚሰባሰቡበት የቀን መዋያ ሆነ።

3. አራቱ መመዘኛዎች

በእንግሊዝ አገር የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የአንድን ቦታ ዋጋ በአራት መንገድ ይመዝናል። መመዘኛዎቹ ለማንኛውም ቤት ስለሚያገለግሉ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሀ. የማስረጃ ዋጋ። ጥያቄው፦ ቤቱ ራሱ፣ ድንጋዩና እንጨቱ፣ ከወረቀት የማናገኘውን ምን ይነግረናል? በቪላ ውስጥ የጓሮው ደረጃ፣ የምድጃው ጥላሸት፣ ኋላ የተደፈነው በር ሁሉ ምስክር ነው። በፌርፊልድ አንድ የመኖሪያ ቤት የስደተኛ ቤተ መንግሥት ሲሆን ክፍሎቹ እንዴት እንደተሸነሸኑ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ ታስቦ የተሠራ ቤት ሹማምንትን፣ ቄሶችንና ልጆችን እንዴት እንደቻለ የሚያስረዳው ቤቱ ነው። ግድግዳ ሲፈርስ ይህ ምስክር አፉ ይዘጋል።

ለ. የታሪክ ዋጋ። ጥያቄው፦ ቤቱ ከማን፣ ከምን ድርጊት ጋር ተያይዟል? እዚህ ላይ ፌርፊልድ ከባድ ነው። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤቱን እንደ ቅርስ መያዝ ንጉሠ ነገሥቱን ማወደስ ማለት አይደለም። ከአገር መውጣታቸው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ያኔም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ቅርስ ምስጋና ሳይሆን ማስረጃ ነው። የሚያመሰግንም የሚወቅስም ወደ አንድ ቤት ሄዶ ሊያይ ይገባዋል፤ ቤቱ ከሌለ ሁለቱም በባዶ ሜዳ ይከራከራሉ።

ሐ. የውበት ዋጋ። ጥያቄው፦ አሠራሩ፣ መልኩ፣ አቀማመጡ ያስደስታል ወይ? ባዝ በ1987 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በተለይ በሮማውያን ፍል ውሃ ቤቶቿና በ18ኛው መቶ ዓመት ሕንጻዎቿ ነው። በዚያ ሚዛን ከታየ የፌርፊልድ ዓይነት ቪላ ከኋላ ይሰለፋል። እንዲያውም በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ እንግሊዞች የቪክቶሪያ ዘመንን ቤቶች ከባድና አስቀያሚ ናቸው እያሉ ያፈርሷቸው ነበር። ለነዚህ ሕንጻዎች የሚቆረቆር ማኅበር የተቋቋመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይኸውም ፌርፊልድ ለከተማው በተሰጠበት ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ ውበት እንደ ትውልዱ ይለዋወጣል። አባት የናቀውን ልጅ ያደንቃል፤ አባት ካፈረሰው ግን ልጅ ምን ያያል? አንድ የሚገርም ነገርም አለ፦ በኢጣሊያ ወረራ የተሰደዱ ሰዎች የተጠለሉበት ቤት በኢጣሊያ ስልት የተሠራ ነው። የቤት ስልት ድንበርም ጠላትም አያውቅም።

መ. የማኅበረሰብ ዋጋ። ጥያቄው፦ ዛሬ ቤቱ ለማን ምን ነው? ይህን መመዘኛ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፌርፊልድን አረጋውያን ተጦረውበታል፣ ምሳ በልተውበታል፣ ተጫውተውበታል። ራስ ተፈሪያውያን እንደ ቅዱስ ቦታ ይሳለሙታል። ኢትዮጵያውያን ሲሄዱ የአያቶቻቸውን ስደት ያስቡበታል። የኒውብሪጅ ጎረቤት ደግሞ «ንጉሡ የኖሩበት ቤት» እያለ ለልጁ ያሳየዋል። አንድ ቪላ ለአራት ዓይነት ሕዝብ አራት ነገር ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ አራቱን ስንደምር ምን አገኘን? በውበት ብቻ ቢመዘን ፌርፊልድ መካከለኛ ቤት ነው። በማስረጃ፣ በታሪክና በማኅበረሰብ ሲመዘን ግን ከብዙ ቤተ መንግሥት ይበልጣል። «የቤቱ ምኑ?» ላለን ልጅ መልሱ ይኸው ነው፦ ቤት ቅርስ የሚሆነው በትልቅነቱ ወይም በጌጡ ብቻ አይደለም፤ የሚመሰክረው ነገር ሲኖረውና የሚመሰክርለት ሕዝብ ሲኖረው ነው።

4. ይጠበቅ ወይስ ይሠራበት?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንምጣ። አንዱ ወገን «ቤቱ በ1928 ዓ.ም. እንደነበረ ሆኖ ይቀመጥ፤ ወንበሩ አይነካ፣ ግድግዳው አይለወጥ» ይላል። ሌላው ወገን «ቤቱ የተሰጠው ለአረጋውያን ነው፤ አረጋዊ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፣ በተሽከርካሪ ወንበር መግቢያ ይፈልጋል፣ ቅርብ መጸዳጃ ይፈልጋል» ይላል። ማን ልክ ነው?

ሁለቱም እውነት አላቸው። ቤቱን ቆልፈን ብናስቀምጠው የማኅበረሰብ ዋጋውን እናጠፋለን፤ ሰጪው የሰጡበትንም ምክንያት እንክዳለን። እንደፈለግን ብናፈራርሰው ደግሞ ማስረጃውን እናጠፋለን። ስለዚህ ባለሙያዎች የሚከተሏቸው ጥቂት ደንቦች አሉ፦

አንደኛ፣ ከመተካት መጠገን ይቀድማል። የበሰበሰው የመስኮት ክፈፍ ታችኛው እጅ ብቻ ከሆነ ያን ቆርጦ መቀጠል እንጂ መስኮቱን በሙሉ ነቅሎ በፕላስቲክ መለወጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ለውጥ ሲያስፈልግ ጥቂትና ኋላ ሊነሣ የሚችል ይሁን። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት መንገድ የድንጋዩን ደረጃ ሳያፈርሱ ከላዩ ወይም ከጎኑ መሥራት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ አሮጌው ግንብ በለመደው ነገር ይጠገን። የባዝ ድንጋይ ማር የመሰለ ቀለም ያለው ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ግንብ በኖራና በአሸዋ ሲያያዝ እርጥበቱን በመጋጠሚያው በኩል ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲጠቀጠቅበት ግን ውሃው መውጫ ያጣና በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ በክረምት ብርድ ሲረጋ ያብጣል፤ የድንጋዩም ፊት እየተቀረፈ ይወድቃል። ይህ ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። የጭቃ ቤት ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ጥቂት ቆይቶ ሲሰነጠቅና እየተገነጠለ ሲወድቅ ያላየ ማን አለ? ለማሳመር የተደረገው ማፍረሻ ይሆናል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

አራተኛ፣ ከመንካት በፊት መመዝገብ። ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መለካት፣ ንድፍ መሥራት፣ የሚያውቁትን ሽማግሎች ጠይቆ መጻፍ። ከሁሉም የሚያስቸኩለው የመጨረሻው ነው። ግድግዳ መቶ ዓመት ይቆያል፤ «በዚህ ክፍል እንዲህ ይደረግ ነበር» የሚል ሰው ግን ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። የፌርፊልድን የስደት ዘመን በዓይናቸው ካዩት ሰዎች ብዙዎቹ አልፈዋል። የነገሩንን የጻፍነው ይቀራል፤ ያልጻፍነው አብሯቸው ተቀብሯል።

5. ይህ ሁሉ ለአስተማሪ ምን ይጠቅመዋል?

ከመካከላችን ባዝን የሚያይ ጥቂት ነው። አራቱ ጥያቄዎች ግን ፓስፖርት አይፈልጉም። እያንዳንዳችን ነገ በምንመደብበት ከተማ ወይም ወረዳ አንድ አሮጌ ቤት አይጠፋም፤ የድሮ ነጋዴ ቤት፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ መኖሪያ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ሰገነት ያለው የእንጨት ቤት። መንገድ ሲሰፋ ወይም አዲስ ሕንጻ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው፤ የሚፈርሰውም ሁልጊዜ በክፋት ሳይሆን ምን እንደሚመሰክር የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው።

«መጠለያ ያጣ ሕዝብ እያለ አሮጌ ቤት ስለመጠበቅ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ አሮጌ ቤት ይቆይ ብንል ከተማ አያድግም። ስለዚህ ነው መመዘኛ የሚያስፈልገው፤ የትኛው እንዲቆይ፣ የትኛው ተመዝግቦ እንዲፈርስ ለመለየት። ደግሞም ፌርፊልድ እንደሚያሳየን ቅርስ የሆነ ቤት መጠለያ ከመሆን አይከለከልም።

ለክፍል የሚሆን አሠራር የሚከተለው ነው። ተማሪዎችን በቡድን ከፍሎ ወደ አንድ አሮጌ ቤት መውሰድ፤ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ። አንደኛው ቡድን በሩን፣ መስኮቱንና ደረጃውን ይቁጠር፣ ንድፍ ይሥራ። ሁለተኛው ቡድን ጎረቤት ሽማግሎችን «ማን ኖረበት? ምን ተደረገበት?» እያለ ይጠይቅ። ሦስተኛው የግድግዳውን፣ የጣሪያውንና የማያያዣውን ዓይነት ይመርምር። አራተኛው ዛሬ ቤቱን ማን እንደሚጠቀምበት ይጻፍ። በመጨረሻ ክፍሉ በአንድነት ተከራክሮ ይፍረድ፦ ይቆይ ወይስ ይፍረስ? ከቆየስ ምን ይሠራበት? አስተማሪው አስቀድሞ ፍርዱን መናገር የለበትም።

መልመጃ

1. በእንግሊዝ አገር የመስኮት ግብር መነሣቱ በቤት አሠራር ላይ ያመጣውን ለውጥ አስረዱ።

2. የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ያረፈው በሊድስ ከተማ ዳርቻ፣ ሔዲንግሊ በሚባል ሰፈር በሚገኝ መኖሪያ ቤት ነው። ያን ሰፈር በአራቱ መመዘኛዎች ለመመዘን ምን ምን መጠየቅ ይኖርባችኋል?

3. ፌርፊልድ ሙዚየም ብቻ ቢሆን የትኛው ዋጋው ይጨምራል? የትኛውስ ይቀንሳል?

4. በትውልድ ቀበሌያችሁ አንድ አሮጌ ቤት መርጣችሁ፣ ስለ ቤቱ ሊነግሯችሁ የሚችሉ ሦስት ሽማግሎችን ስም ጻፉ። በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቋቸው። ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።